የት ነው የምንለማመደው?
ለጉለሌ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ወላጆች የቀረበ ዲስኩር



የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርዕስ አጭር ነበር፤ «ነርስ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» የሚል። ግብዣውን በደስታ ነው የተቀበልኩት። ዕድሜዬን በነርስነት ሠርቼ፣ በኋላም ነርሶችን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ርዕሱ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ምን ያስፈልጋል ለሚለው መልስ እሰጣለሁ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ግን አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ጥያቄዋም «የት ነው የምንለማመደው?» የምትል ናት። ደጋግሜ ስለማነሳት አትሰልቹኝ።

ንግግሬ ሦስት ነገር ይነካል። መጀመሪያ ነርስ በሥራ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ቀጥሎ ወደ ትምህርቱ የሚያስገቡት በሮች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በመጨረሻም ከበሮቹ የቱን ማንኳኳት እንደሚሻል። መካከለኛው ይረዝማል፤ ወንበሩ እንደሚቆረቁራችሁ አውቃለሁ፣ ታገሡኝ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። የጉለሌ ልጅ ሆኖ ጳውሎስን የማያውቅ የለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድሃውን ሕዝብ ለማከም ታስቦ ተሠራ። በ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየማችንን ስናከብር የሕክምና ኮሌጅ ተጨመረበት። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ በሀገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እዚያው ተከናወነ። ያን ጊዜ ዜናው ሁሉ ስለ ቀዶ ሐኪሞቹ ነበር፤ ይገባቸዋል። ግን አስቡት፤ ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ከወጣ በኋላ ያ ታካሚ ሌሊቱን ከማን ጋር ያድራል? የሽንቱን መጠን በየሰዓቱ እየለካ፣ የወጣውን ያህል ፈሳሽ የሚተካለት፣ ትኩሳቱ ፈቅ ሲል ቀድሞ የሚያውቀው፣ እጁን ሳይታጠብ ወደ አልጋው የሚጠጋን ሰው የሚመልሰው ነርስ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት ነርስ የታካሚን አተነፋፈስ ስትቆጥር አይታችሁ ይሆናል፤ ምናልባት አይታችሁም አላወቃችሁም። የልብ ምት ለመለካት የእጅ አንጓውን ትይዛለች፣ ሰዓቷን ታያለች። ምቱን ቆጥራ ስትጨርስ ግን እጁን አትለቅም። እንደያዘች ዓይኗን ወደ ደረቱ ወይም ወደ ብርድ ልብሱ ትመልስና ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ለምን ዝም ብላ? «አሁን ትንፋሽህን ልቆጥር ነው» ካለችው ታካሚው አተነፋፈሱን ይለውጠዋል፣ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። ትንፋሽ መፍጠን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላው ምልክት ሁሉ ቀድሞ አደጋን የሚናገር ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብባችሁ ታልፉታላችሁ። አንጓ ይዞ፣ ታካሚውን ሳያስነቁ፣ አልጋው ዙሪያ አስታማሚ እየተንጫጫ መቁጠር ግን ሰው ላይ ካልተለማመዱት አይመጣም።

«ሒሳብ አልወድም፣ ስለዚህ ነርስ ልሁን» የምትሉ ካላችሁም ይቺን ስሙ። ሐኪሙ አንድ ሊትር ጉሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ብሎ ያዛል። የተሰቀለው መስመር በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ነው እንበል። 1000 ሚሊ ሊትሩ 20,000 ጠብታ ይሆናል፤ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ግድም ይመጣል። ነርሷ ይህን በጭንቅላቷ ሠርታ፣ ጠብታውን በሰዓቷ እያየች መቆጣጠሪያውን ታስተካክላለች። የልብ ድካም ያለባቸው አዛውንት ከሆኑ፣ በፍጥነት የገባ ፈሳሽ ሳንባቸውን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ስለዚህ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለመግቢያ ፈተናው ብቻ ብላችሁ የምትሸመድዱት ነገር አይደለም፤ ዱቲ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ይጠይቃችኋል።

እዚህ ላይ ወላጆችን አንድ ነገር ላንሳባቸው። «ልጄ ሜዲስን ካልደረሳት ነርስም ቢሆን ትማር» የሚል አባባል አለ። «ነርስም ቢሆን» የምትለዋ ከነከነችኝ። በዚህች ሀገር ንጉሥ ልጃቸውን ነርስ አድርገዋል እኮ! ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ቤተሰቧ በስደት እንግሊዝ ሳለ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ፣ እንደማንኛዋም ተማሪ ተምራ፣ በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆና ተመረቀች። ከዚያ ወደ ጋይስ ሆስፒታል ሄዳ ትምህርቷን ቀጠለች። ነፃነት ሲመለስ ወደ ሀገሯ ገባች፤ አገባችና ባሏ ወደሚያስተዳድረው ወለጋ ሄደች። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመቷ አረፈች። የተማረች ነርስ፣ የንጉሥ ልጅ፣ እናቶችን በሚገድለው ነገር ሞተች። መታሰቢያዋ የሆነው ሆስፒታል፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው፣ የነርስ ትምህርት ቤትም ነበረው።

የመጀመሪያው የነርስ ትምህርት ቤታችን ግን በቀይ መስቀል አማካይነት በ1942 ዓ.ም. ግድም የተከፈተው ነው፤ የተከፈተውም ዛሬ የካቲት 12 በምንለው፣ ያኔ በንጉሡ ስም በሚጠራው ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ። ትምህርት ቤቱን የከፈቱት ሰዎች መጀመሪያ አልጋው ያለበትን ቦታ ነው የፈለጉት። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ሲቋቋምም የማኅበረሰብ ነርሶቹ ከጤና መኮንኖቹና ከሳኒታሪያኖቹ ጋር በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ ነው የተማሩት። የእኔ ጥያቄ አዲስ አይደለችም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ በሮቹ።

በሩ የሚከፈተው እናንተ እንደምታስቡት 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ብላችሁ በምትለዩበት ጊዜ ነው። ማኅበራዊ የገባ ልጅ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ወደ ጤና ለመመለስ መንገዱ በጣም ይጠብበታል። 9ኛና 10ኛ ክፍል ያላችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ የምትሳሳቁት፣ ይሄ እናንተን ነው የሚመለከተው።

ቀጥሎ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ቁጥር ታውቁታላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነው። ይህን የምጠራው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ነገር መማር ይቻላል፤ ግማሹን ያለፈ ልጅ ዛሬ የመምረጥ ዕድል አለው፣ ስለዚህ ከፈተናው በፊት ምርጫውን አስቦ መጠበቅ አለበት። ግማሽ ያልሞላላቸው ግን የተወሰነ ነጥብ ያገኙ ደግሞ ሪሚዲያል የሚገቡበት ዕድል አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት ይወስዳሉ፣ ፈተናውን ሲያልፉ ፍሬሽማን ይሆናሉ። ሪሚዲያል ገባሁ ብሎ አንገቱን የሚደፋ ልጅ አያለሁ፤ አይገባም፤ ከዚያ ወጥቶ ጥሩ ነርስ የሚሆን ሞልቷል።

ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ነው። ከዚያ ዲፓርትመንት ትመርጣላችሁ፤ የሚወስነው ምርጫችሁና ውጤታችሁ ነው። ነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ በጠቅላላው 4 ዓመት ይወስዳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የምትመኙ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ አትርሱ።

እዚህ ጋ ጥያቄያችን ተመልሳ ትመጣለች። ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞሉ ልጆች የሚያዩት ምንድን ነው? የአየሩን ሁኔታ፣ ካፌው ምን እንደሚያበላ፣ ጓደኛ የት እንደሞላ። እናንተ ግን «የት ነው የምንለማመደው?» በሉ። ጎንደር የራሱ ትልቅ ሆስፒታል አለው። ጅማም አለው። ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን አለ፣ መቐለ ዓይደር አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ ሐረር ላይ የሐሮማያው ሕይወት ፋና አለ፣ እዚህ ጥቁር አንበሳ አለ። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በእግሩ ዋርድ የሚገባበት ትምህርት ቤትና ለልምምድ አውቶቡስ የሚጠብቅበት ትምህርት ቤት እኩል አይደሉም።

ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው ልጁን እንዴት እንደሚያስተምር ታውቃላችሁ፤ ከመወርወሪያው አጠገብ አስቀምጦ፣ ድሩ ሲበጠስ እያሳየው ነው። እኛም እንደዚያው ነን።

አራቱ ዓመት ሲያልቅ ሁለት ፈተና ይጠብቃችኋል። አንዱ የመውጫ ፈተና ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያለ ተማሪ ይፈተናል፣ ግማሽ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። ሁለተኛው ጤና ሚኒስቴር ለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ፈተና ነው። ዲግሪ ይዞ ፈቃድ የሌለው ሰው መርፌ መያዝ አይችልም፤ ቤተሰብ ለምርቃት ድንኳን ተክሎ ሲጨፍር ይህን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

በግል ኮሌጅ ወይም በቴክኒክና ሙያ በኩል የሚገባበት በርም አለ። ደረጃ 4 ነርስ፣ በተለምዶ ዲፕሎማ የምንለው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣል፤ ካለፈው ዓመት የሰማችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ። ተምራችሁ ስትጨርሱ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ እሱን ሳያልፉ ሥራ የለም። ከዚያ ሠርተው፣ ልምድ ይዘው ወደ ዲግሪ የሚያድጉ ብዙ ናቸው። ይህን በር የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። በየቤታችን የሚመጡት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን የያዙት በዲፕሎማ ነርስነታቸው ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ወጥተው ክትባት ያመለጠውን ሕፃን የሚፈልጉ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ያቋረጠውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚገሥጹ እነሱ ናቸው።

የግል ኮሌጅን በተመለከተ ግን ለወላጆች በግልጽ ልናገር፣ ገንዘቡ የእናንተ ነውና። የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ሁሉም የትምህርት መስክ ተደምሮ፣ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ግድም ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ግድም ብቻ ነበሩ። ጎበዝ የግል ኮሌጅ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ተማሪዎቻቸውን ዋርድ ላይ አይቼ የረካሁባቸው አሉ። ግን ማስታወቂያ ላይ ያለው ነጭ ጋውን ሁሉ እውነት አይደለም። ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። መገናኛ ያለው ቅርንጫፍ ነርሲንግ የተፈቀደለት ከሆነ አዲሱ ገበያ ያለው ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የዲግሪውን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የደረጃውን ደግሞ የከተማው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይነግራችኋል። ሬጅስትራሯ ፈገግ ብላ «በሂደት ላይ ነው» ካለቻችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ቀጥላችሁም የኔን ጥያቄ ጠይቁ። «ተማሪዎቻችሁ የት ነው የሚለማመዱት?» የሆስፒታሉን ስም ይንገሯችሁ። «ከየሆስፒታሉ ጋር ስምምነት አለን» የሚል መልስ በቂ አይደለም። በየትኛው ወር፣ ስንት ሳምንት፣ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዞ? ማዋለጃ ክፍል ይገባሉ? የሕፃናት ክፍል፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍልስ? ሠላሳ ተማሪ አንድ አልጋ ከቦ ቆሞ አንዱ ቁስል ሲያጥብ ሃያ ዘጠኙ የጓደኛቸውን ጀርባ ካዩ ተምረዋል ማለት አይቻልም።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ ከበሮቹ የቱ? አጠር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ ነርስነት አንድ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚድዋይፍነትም ሆነ አንስቴዥያ ራሳቸውን የቻሉ ትምህርቶች ናቸው፤ ሳትለዩ ፎርም ሞልታችሁ በኋላ «እኔ ማዋለድ ነበር የፈለግሁት» ማለት ይመጣል። ነርሲንግ ከጨረሳችሁ በኋላም በሁለተኛ ዲግሪ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ ሕፃናት፣ ጨቅላ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አእምሮ ጤና እያላችሁ መለየት ትችላላችሁ። ከገጠር የመጡ ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፤ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር የሚመጡ ልጃገረዶችን እየመረጠ ያስተምራል፤ ሲመረቁም ወደ መጡበት አካባቢ ተመልሰው ነው የሚያገለግሉት። ነቀምቴ ላይ የሆነውን ነገርኳችሁ፤ አዋላጅ ገጠር ውስጥ ምን እንደሚያክል ከዚያ ገምቱት።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትማሩ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። እዳ ነው። ሳይከፈል ዋናው የትምህርት ማስረጃ በእጃችሁ አይገባም። ደመወዙን በተመለከተ ላታልላችሁ አልችልም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በየሆስፒታሉ ያነሱትን ጥያቄ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በዚህ ሥራ ሀብታም የሚሆን የለም። ወንዶች ልጆችም «የሴት ሥራ ነው» እንዳትሉ፤ ጳውሎስ ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ ብታዩ ግማሹ ነርስ ወንድ ነው ቢባል አትገረሙ፤ ታካሚው «ዶክተር» ብሎ ይጠራቸዋል እንጂ።

ሦስተኛ፣ ውጭ ሀገር። አታፍሩ፣ ግማሻችሁ እሱን እያሰባችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ዋሽንግተንና ሚኒሶታ አክስት የሌለው ማን አለ? አክስት ሠርታ የምትልክ እንጂ የምትሠራውን የምትናገር አይደለችም። ብዙዎቹ እዚያ በነርስ ረዳትነት ጀምረው፣ ሌሊት እየሠሩ ቀን እየተማሩ ነው ሙሉ ነርስ የሆኑት። ከዚህ ተምሮ የሚሄድ ደግሞ አሜሪካ ላይ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና መውሰድ አለበት፤ ከፈተናው በፊት ደግሞ ማስረጃው ይመረመራል። መርማሪዎቹ ምን እንደሚያዩ ልንገራችሁ? ለአዋቂዎች፣ ለእናቶች፣ ለሕፃናትና ለአእምሮ ሕሙማን በተሰጠ እንክብካቤ ላይ ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በዋርድ እንደተማራችሁ ያያሉ። እነሱም የሚጠይቁት ያችኑ የኛን ጥያቄ ነው፤ የት ተለማመድሽ፣ የት ተለማመድህ?

አንድ የተግባር ነገር ልጨምር፤ ማንም ስለማይነግራችሁ። ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ውሰዱ። ሦስት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው፣ ከወር በኋላ ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው 6 ወር ሲሞላ ሦስተኛው። ኮሌጁ ካላዘዘም እናንተ ሂዱ። መርፌ የሚወጋን ብዙ ጊዜ ተማሪ ሳለን፣ እጃችን ገና ሳይደነድን ነው።

አሁንም ቢሆን ለመወሰን የምትቸገሩ ካላችሁ፣ ከፎርሙ በፊት አንድ ቅዳሜ አስታማሚ ሁኑ። ጎረቤት ወይም ዘመድ ተኝቶ ከሆነ ምሳ ይዛችሁ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ነርሷ የምታደርገውን እዩ። ሽታውን የምትችሉት መሆኑን፣ አሮጊቷን አገላብጦ አንሶላ መቀየር የሚያስከፋችሁ መሆን አለመሆኑን እዚያው ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ዘበኛው «ሰዓት አይደለም» ካላችሁ አትከራከሩት፣ ሰዓቱን ጠብቁ። ፈርታችሁ ከወጣችሁም ምንም አይደለም፤ ላቦራቶሪ አለ፣ ፋርማሲ አለ።

የያዝኩት ይህን ያህል ነው። ሰብሳቢው ለጥያቄ ግማሽ ሰዓት እንዳለን ነግረውኛል። ስለ ሪሚዲያልና ስለ መግቢያ ነጥብ ያላችሁን ለርዕሰ መምህሩ ትቼላቸዋለሁ፤ የዘንድሮውን መመሪያ ይዘው መጥተዋል። ስለ ዋርድ፣ ስለ ዱቲ፣ ስለ ኮሌጅ አመራረጥ ያላችሁን እኔን ጠይቁኝ። በመስኮቱ በኩል እጅሽን ያነሳሽው ልጄ፣ ማይኩን ተቀበዪና ቀጥዪ።